የጉም ምስክር

ላቦራቶሪያችን በሩቅ ከተማ ካለ ትልቅ ላቦራቶሪ ጋር ተጠቃልሎ መሣሪያው በሣጥን ሲታሸግ፣ አሻጊዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ከዚህ ሁሉ ቶሎ የሚሰበረው የቱ ነው?» ከጣቴ እምብዛም የማትረዝም የመስታወት ቧንቧ ከቦታዋ ነቀልሁና በጥጥ ጠቅልዬ በእጃቸው ሰጠሁ። አንደኛው ጥጡን ገልጦ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያትና «ይቺን ታህል ነገር?» አለ። አዎ፣ ይቺን ታህል ነገር። የሥራ ዘመኔን ትልቁን ክፍል የኖርሁት ይህች ቧንቧ በጨው እንዳትዘጋ ስጠብቅ ነው።

አብሬ እንድዛወር ተጠይቄ ነበር። ቤቴም ልጆቼም ፍኖተ ሰላም ናቸውና ከመደበኛው ዕድሜ ቀደም ብዬ በጡረታ መሰናበትን መረጥሁ። የመሰናበቻው ወረቀት ብዙ ፊርማና ብዙ ደጅ ጥናት ነበረው፤ ከዚህ በላይ የሚጻፍለት ጉዳይ ግን አይደለም። መጻፍ የምፈልገው በቡሬና በሽንዲ መካከል ስላለ አንድ የውሃ ቦኖ ነው፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ደግሞ ሥራውን ስላስተማሩኝ ሰው።

በኬሚስትሪ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት ቡሬ ነበር። ሥራዬ ከየቀበሌው የሚመጣ አፈር ማድረቅ፣ መውቀጥና መንፋት ነው። የአካባቢው አፈር ቀይና ኮምጣጣ ነው፤ ገበሬው ምን ያህል ኖራ እንደሚጨምርበት ከመመከሩ በፊት በውስጡ ያለው መታወቅ አለበት። እኔ የነፋሁትን አፈር ሌላ ቦታ ወስደው ይመረምሩት ነበር። ውጤቱ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዘር ተዘርቶ ያልቃል። በዝናብ ጭቃ እየረገጥን የሰበሰብነው አፈር ለማንም ሳይጠቅም ሲቀር ማየት ያንገበግበኝ ነበር። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ የአፈርና የውሃ ላቦራቶሪ ተከፍቶ የፕላዝማ መሣሪያ መግባቱን ስሰማ ሳልውል ሳላድር ዝውውር ጠየቅሁ።

መሣሪያውን ላላየ ሰው እንዲህ ብዬ ላስረዳ። የሚመረመረው ውሃ በቀጭን ቱቦ እየተሳበ ወደዚያች የመስታወት ቧንቧ ጫፍ ይደርሳል። እዚያ አርጎን የተባለ ጋዝ በኃይል እየነፈሰ ውሃውን በትኖ ጉም ያደርገዋል። ቧንቧዋን ኔቡላይዘር እንላታለን፤ አስም ያለበት ሰው በሐኪም ቤት መድኃኒት የሚስብበት ዕቃም በዚሁ ስም ይጠራል፣ ሥራቸውም ይመሳሰላል። ከጉሙ ውስጥ ትላልቁ ጠብታ በፍሳሽ ቱቦ ይወርዳል፤ የቀለለው ብቻ ወደ ላይ ወጥቶ ፕላዝማው ውስጥ ይገባል። ፕላዝማው ሙቀቱ ከማንኛውም ምድጃ የሚበልጥ የጋዝ ነበልባል ነው። በውሃው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እዚያ ሲደርስ የራሱን ቀለም ያበራል፤ ብረት የራሱን፣ ካልሲየም የራሱን፣ እርሳስም የራሱን። መሣሪያው የብርሃኑን ጉልበት ለክቶ ቁጥር ይሰጣል።

ጨው የሚያበላሸው ይህን መንገድ ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ይከብዳል፤ ጠብታው ስለሚተልቅ ወደ ላይ የሚወጣው ጉም ያንሳል። ደረቁ አርጎን በቧንቧዋ ጫፍ ላይ ውሃውን ሲያደርቀው ጨው እዚያው ይጋገራል፣ ቀዳዳውም እየጠበበ ይሄዳል። ከዚያ ያለፈው ደግሞ ከፕላዝማው ሥር ባለው የኳርትዝ ቱቦ አፍ ላይ እንደ ነጭ ጢም ይበቅላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን መሣሪያው ይህን አለመናገሩ ነው። የደረሰውን ብርሃን በታማኝነት ለክቶ «ጥቂት ነው» ይላል። ጥቂት የሆነው መርዙ ይሁን ጉሙ፣ እርሱን መለየት የሰው ፈንታ ነው።

መለየቱን ያስተማሩኝ የላቦራቶሪው ከፍተኛ ኬሚስት አቶ ልየው ናቸው። ጋሽ ልየው እላቸው ነበር። ረጅም፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ አቆሙኝና፣

«መርፌ ይዘሻል?» አሉኝ።

«የምን መርፌ?»

«ማንኛውንም። የልብስ ይሁን የጸጉር።»

ጸጉሬን የያዝሁበትን ሽቦ አስወልቀው ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በኋላ እንደሰማሁት፣ አንድ ባለሙያ የተዘጋችውን ቧንቧ በመርፌ ልክፈት ብሎ ጫፏን ሰብሮ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ልየው ጸሐፊዋ ቁልፍ የምትተክልበትን መርፌ እንኳ ከቢሮዋ እንድታስወጣ አድርገዋታል። «ጨዉ በውሃ ገብቷል፤ በውሃ ይወጣል። ቸኩለሽ እንደሆነ ሻይ ጠጥተሽ ነይ» ይሉኝ ነበር።

ጠዋት መሣሪያው ሲነሣ ሌላው ሰው ወደ ስክሪኑ ያፈጣል። እርሳቸው ጎንበስ ብለው የፍሳሽ ቱቦውን ያዩ ነበር። በቱቦው ውስጥ የሚወርዱት የአየር አረፋዎች እኩል ተራርቀው ከሄዱ ጉሙ ደህና ነው። አረፋው ከተጣደፈ ወይም ከቆመ፣ ቁጥሩን ገና ሳያዩ «አቁሚው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱን እኔ የማገኘው እርሳቸው ካሉኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ምስክር ማቆም ነበር። ኢትሪየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በአካባቢያችን ውሃ ውስጥ የለም ሊባል ይችላል። ከእርሱ እኩል መጠን በእያንዳንዱ ናሙና ውስጥ እንጨምራለን። እኩል ስለገባ እኩል ማብራት አለበት። በአንዱ ናሙና ላይ ብርሃኑ ከደከመ፣ የደከመው ጉሙ ነው፤ በዚያ ጉም የተጫነው ሌላውም ንጥረ ነገር አብሮ ደክሟል። ጋሽ ልየው ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «ምስክሩ» ነበር የሚሉት። የምስክሩን ቁጥር ሳያዩ የሌላውን አያነቡም፤ ዓይናቸው እንዳይቀድማቸው የቀረውን የስክሪን ክፍል በአንድ ቁራጭ ካርቶን ይሸፍኑት ነበር። ኃላፊያችን አቶ ሙሉቀን በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን አስገብተው «ዛሬስ ጉማችሁ ገለጠ?» እያሉ ይቀልዱብናል። አቶ ሙሉቀን ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይ የሚመጣባቸውን ስልክ እንደ ወረደ ወደ እኛ የሚያወርዱ ሰው ነበሩ።

ያ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ጊዜ አልበቃንም። ከሽንዲና ከቡሬ ገበያ የተሰበሰበ የከብት ጨው መርዝ እንዳይኖርበት በአስቸኳይ እንዲመረመር ታዘዘ። ጨዉን በውሃ አሟሟነው። ጋሽ ልየው ብዙ ውሃ ጨምረን እናቅጥነው አሉ።

«ስታቀጥኑት የምንፈልገው ነገር ይጠፋል አላላችሁም?» አሉ አቶ ሙሉቀን። «እንዲሁ ይግባ።»

ንግግራቸው እውነትም ነበረው። የሚፈለገው መርዝ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ውሃ ሲበዛበት መሣሪያው አያየውም። ጋሽ ልየው ካርቶናቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩና ተስማሙ። ናሙናው ሲገባ ነበልባሉ ብርቱካን መሰለ። የቱቦው አረፋ ተጣደፈ። ነጩ ጢም በዓይናችን ፊት አደገ፤ ለማቆም እጃችን ሳይደርስ ነበልባሉ ወደ ጎን ተጋድሞ ኳርትዙን አቀለጠው። መሣሪያው ራሱን አጠፋ። ክፍሉ ጸጥ ሲል የአርጎኑ ሲሊንደር ብቻ ያፏጭ ነበር።

መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በዚያ ጊዜ መደርደሪያችን ላይ ከወምበርማ የመጣ አፈር ተራውን ይጠብቅ ነበር። ገበሬዎቹ ያን ዓመት ኖራ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ልንነግራቸው ቃል ገብተናል። መለዋወጫው ሳይደርስ ክረምቱ ገባ፤ እነርሱም ሳይነገራቸው ዘሩ። የቡሬው ንዴቴ ተመልሶ መጣብኝ፤ አሁን ግን የምናደድበት ሩቅ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ልየው ደብዳቤ አልጻፉም። በጭነት መኪና እስከ ወምበርማ ዋና ከተማ እስከ ሽንዲ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ገበሬዎቹ በተሰበሰቡበት ቆመው «አፈራችሁ እኛ ዘንድ አለ፤ ውጤት ግን የለንም። መሣሪያው በእኛ እጅ ተበላሽቷል» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ «እንግዲያ አፈራችንን መልሱልን» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ልየው አልሳቁም። በሳምንቱ አፈሩን በየከረጢቱ አስጭነው መለሱላቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ብጠይቃቸው «ጠየቁና» አሉኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

መለዋወጫው ከደረሰ በኋላ ለጨዋማ ናሙና የተለየ ሥርዓት አወጣን። አርጎኑ ወደ ቧንቧዋ ከመድረሱ በፊት በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ እያወጣ እንዲያልፍ አደረግን፤ እርጥብ ጋዝ ጨዉን ጫፏ ላይ አያደርቀውም። መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቀውን ማመሳከሪያ ውሃችንንም ልክ እንደ ናሙናው ጨዋማ እናደርገው ጀመር፤ ሁለቱም እኩል ከብደው እንዲገቡ። በሁለት ናሙናዎች መካከል ምስክሩ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ቀለል ባለ አሲድ እናጥባለን። ሥራው በጣም ይዘገያል። ጋሽ ልየው በጡረታ ሲሰናበቱ ያን ካርቶን ለእኔ ተዉልኝ፤ ጠርዙ በጣታቸው ወዝ ጠቁሮ ነበር።

ወደ ቦኖው ልምጣ። በቡሬና በሽንዲ መካከል ባለች አንዲት ቀበሌ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ተተክሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ቦኖ ቆመ። ከዚያ በፊት ሴቶቹ የሚቀዱት ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነበር፤ ዳገቱም ወገብ ይቆርጣል። አካባቢው ከብቶች የሚነዱበት ጨዋማ ምንጭ ስላለው የጉድጓዱም ውሃ ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ቢሆንም ጥርት ያለ ነው፣ ሰዉም ወዶታል። ለሙከራ ተብሎ ተከፍቶ ሲቀዱት ወራት አልፈዋል። ለይፋ ምረቃው የቀረው የእኛ ወረቀት ብቻ ነበር። ወረቀቱ «አይጠጣም» ካለ ቦኖው ይታሸጋል፣ ሴቶቹም እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። «ይጠጣል» ብሎ ከተሳሳተ ደግሞ የሚጠጡት ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያመጣልን አንድ የውሃ ቴክኒሻን ነው። ቀበሌው ውስጥ አድሮ፣ ለቡሬ መኪና ለመድረስ ጎህ ሲቀድ ቀድቶ መጣ። እርሳስ የሚፈለገው በጣም አነስተኛ መጠን ላይ ስለሆነ፣ ውሃውን አሲድ ጨምረን በቀስታ እናተነዋለን፤ ብዙው ውሃ ጥቂት ሲሆን እርሳስ ካለበት ይጠራቀማል። ጨውም አብሮ ይጠራቀማል። ከጠርሙሱ ሲቀዳ እምብዛም ጨው ስላልነበረው ከተራ ውሃ ጋር ተሰልፎ ነበር። ተንኖ ሲያልቅ ግን ተራ ውሃ አልነበረም።

አቶ ሙሉቀን ከኋላዬ ቆመዋል። እኔ ፍሳሽ ቱቦውን ሳይ እርሳቸው ካርቶኑን ገልጠው ስክሪኑን አዩ።

«እርሳስ የለም ይላል። እሰይ፤ በይ ላኪው።»

አረፋው ተጣድፏል። ቀና ብዬ የምስክሩን ቁጥር አየሁ። «ምስክሩ ወድቋል» አልሁ።

«ማን ነው የወደቀው?»

«ቧንቧዋ ጨው ይዛለች፣ ጉሙ አልወጣም። ይህ ‹የለም› የሚለው ‹አላየሁም› ማለት ነው።»

«ካላየው የለማ።»

«አቶ ሙሉቀን፣ እርስዎ ዓይንዎን ቢጨፍኑ እኔ እጠፋለሁ?»

ሳቁ። «አንቺስ ብትጠፊልኝ በተሻለኝ። ወይዘሮ ፈንታዬ፣ የምረቃው ቀን ተቆርጧል። ድንኳን ሁሉ ተከራይተዋል።»

«ድንኳኑ ይቆይ» አልሁ። ከአፌ የወጣው ድምፅ ከወትሮዬ ከፍ ያለ ነበር።

ቧንቧዋን ነቅዬ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኋት። ጫፏ ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ቀስ እያለ ሲሟሟ ቁጭ ብዬ አየሁ። አርጎኑን በውሃ ጠርሙስ አሳለፍሁት፣ ማመሳከሪያውን እንደ ናሙናው ጨዋማ አደረግሁት፣ ከዚያም የተረፈውን የተነነ ውሃ አስገባሁ። ምስክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እርሳሱ ከተፈቀደው በላይ ነበር፤ ያውም ብዙ በላይ። ለማረጋገጥ ከናሙናው ላይ ጥቂት ቀንሼ መጠኑን የማውቀው እርሳስ ጨመርሁበትና እንደገና ለካሁ። የጨመርሁት ሳይጎድል ተገኘ። መሣሪያው አሁን እያየ ነው።

አቶ ሙሉቀን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንደገና ይቀዳ» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ እኔም ያንኑ ልል ነበር።

ሁለተኛውን ጠርሙስ የቀዱት የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እማማ ደብሬ ናቸው። ጠርሙሱ በነጠላ ተጠቅልሎ ደረሰን። በዚያው ሥርዓት፣ በዚያው ጥንቃቄ ሠራሁት። ምስክሩ አሁንም አልተነቃነቀም። እርሳሱ ግን ከተፈቀደው በታች ነበር።

«ተገላገልን» አሉ አቶ ሙሉቀን። «የፊተኛው ጠርሙሱ ቆሽሾ ይሆናል። ሁለተኛውን ላኪ።»

«ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።»

«አንድ ጉድጓድ እኮ ነው። አንድ ውሃ እንዴት ሁለት ይሆናል?»

«ራሴ ሄጄ ቦኖውን አያለሁ።»

«የውሎ አበል የለም።»

«አልጠየቅሁም።»

በማግሥቱ ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ወረድሁ፣ ከዚያ በሽንዲ መኪና ቀጠልሁ። በልቤ የነበረው ፍርሃት አንድ ነው፤ ምክንያቱን ሳላገኝ ከተመለስሁ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን የሚመርጠው ምረቃው ይሆናል።

እማማ ደብሬ የቦኖውን ቁልፍ በማተባቸው አጠገብ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉኝ። «በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት።»

«ምንም አላጠፉም። እንዴት እንደቀዱት ብቻ ያሳዩኝ።»

ቦኖውን ከፈቱ። ውሃው እየተንዠቀዠቀ በቦዩ ይወርድ ጀመር። እማማ ደብሬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኛል፤ ውሃው ይፈሳል። ብዙ ከፈሰሰ በኋላ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ቀመሱና «አሁን ጠራ፤ አሁን ይቀዳል» አሉ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያፈሱታል?»

«ኧረ ምን ሁኜ! ውሃ ይደፋል እንዴ? ለእናንተ ብዬ ነው እንጂ። ለመንግሥት ቤት የሚሄድ ውሃ፣ ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ቀድቼ ልስደድ? እናንተስ የዚህ አገር ሰው ወግ የለው አትሉም?»

እዚያው ቆሜ ቴክኒሻኑን አሰብሁ። እርሱ የቀዳው ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይቀዳ ነበር።

«እማማ፣ ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ማን ነው የሚጠጣው?»

ዓይናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄደ። «የየኔታ ተማሪዎች ናቸዋ። ቀዳሚው የተማሪ ነው። እነርሱ ሳይቀዱ እንስራዋን የምታስቀድም ሴት እዚህ አገር የለችም።» ይህን ሲሉ ኮርተው ነበር። ከዚያ ፊቴን አዩና ቁልፋቸውን ጨበጡ።

ቧንቧውን ተከትለን ወደ ላይ ሄድን። ከጉድጓዱ እስከ ቦኖው አቅራቢያ ድረስ ፕላስቲክ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ስሚንቶው በተሰነጠቀበት በኩል ያረጁ የነሐስ መጋጠሚያዎች ይታያሉ፤ ዙሪያቸው በግራጫ ብየዳ ተይዟል። ቴክኒሻኑን ደውዬ ጠየቅሁት። ፕላስቲኩ ሲያልቅባቸው ከመጋዘን የተገኘ አሮጌ ዕቃ እንደተጠቀሙ ነገረኝ፤ ብየዳው እርሳስ ያለበት ነው። ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ጨዋማው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ቆሞ እርሳሱን እያሟሟ ያድራል። ያው ጨው ደግሞ ላቦራቶሪ ደርሶ የቧንቧችንን አፍ ይዘጋና ያሟሟውን ይሸሽግብናል።

የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው የደከመ። ከዛፍ ሥር በተቀመጡበት ቀርቤ ሁሉን ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ተማሪዎቹ ደህና ናቸው?» አልኋቸው።

«ሆዳችንን የሚሉ አሉ። ጥሬውን ነበር የምንከስ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አቀኑ። «አንቺስ እርግጠኛ ነሽ?»

«ነገ ጧት ቀዳሚውንና የኋላውን ለየብቻ ቀድቼ ሳየው እርግጠኛ እሆናለሁ። እስከዚያ ግን ያደረውን ውሃ ሰው አይጠጣው።»

እማማ ደብሬ ከኋላዬ «የተማሪን ድርሻ ለባሕር ዛፍ ልናጠጣ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «እኔ እኮ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር ጠብቄ የያዝሁት፤ አንድ ቀን እንኳ አላስቀደምሁባቸውም።»

የኔታ ወደ ድምፁ ዞሩ። «ደብሬ፣ ያከበርሽው አንቺ ነሽ፤ ያበላሸው መጋጠሚያው ነው። ከነገ ጀምሮ ቀዳሚው የመሬት ይሁን። ተማሪ ሁለተኛ ቢሆን አይቀልም።»

በማግሥቱ ጧት ሰው በቦኖው ዙሪያ ተሰበሰበ። ሁለቱን ጠርሙሶች ከሞላሁ በኋላ በመኪና ተሳፍሬ ሄጄ ወረቀት ልልክላቸው እችል ነበር። ጋሽ ልየው ሽንዲ ላይ እንዴት እንደቆሙ ትዝ አለኝ። እኔ በሰው ፊት መናገር የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ቆሜ የማውቀውንም ገና የማላውቀውንም ለይቼ ነገርኋቸው። አንዲት ወጣት ሴት ልጇን እንዳዘለች «ሊታሸግ ነው በሉና እንወቀው» አለች።

«እንዳይታሸግ ነው የመጣሁት» አልኋት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሠራኋቸው። ምስክሩ በሁለቱም እኩል ቆመ። ቀዳሚው በእርሳስ የከበደ፣ የኋላው ንጹሕ። ውጤቱንና ምክንያቱን ይዤ አቶ ሙሉቀን ቢሮ ገባሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምረቃውን ምን ልበላቸው?»

«መጋጠሚያው እስኪለወጥ ይቆይ ይበሏቸው።»

ስልኩን አንሥተው ደወሉ። ከላይ የመጣ ስልክ ወደ እኛ ሲያወርዱ እንጂ እርሳቸው ወደ ላይ ሲደውሉ ከዚያ ቀን በፊት አይቼ አላውቅም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ንግግር በሰው ፊት አይመችም።

የነሐሱ መጋጠሚያ ተቆፍሮ ወጣ፣ ፕላስቲክ ገባ። ሆዳቸውን የሚያማቸው ተማሪዎች ደማቸው እንዲታይ ወደ ሐኪም ቤት ተላኩ፤ ክትትል ጀመሩ፣ ከመካከላቸው አገር ቤት የተመለሰም አለ። ፈጥነን ደረስን ብዬ አልጽፍም። ከዚያ በላይ እንዳይቆይ አደረግን፤ የምጽፈው ይህን ነው።

የመጨረሻውን ናሙና እንዲቀዱ እማማ ደብሬን በስልክ ጠየቅኋቸው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ምንም ሳይፈስ፣ ያደረውን። ጠርሙሱ እንደ ወትሮው በነጠላ ተጠቅልሎ መጣ። የላኩት ሰው «ነውሩ በአንቺ ነው ብለዋል» ብሎ መልእክቱን አደረሰ። ያን ጊዜ ላቦራቶሪው እንደሚጠቃለል ተነግሮን ነበር። ውሃውን አተንሁ፣ ማመሳከሪያውን ጨዋማ አደረግሁ፣ አርጎኑን አረጠብሁ። ፍሳሽ ቱቦውን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አረፋዎቹ እኩል ይወርዱ ነበር። የጋሽ ልየውን ካርቶን በእጄ ይዤ ምስክሩን አነበብሁ፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዚያ ካርቶኑን አነሣሁ። እርሳሱ ከተፈቀደው እጅግ በታች ነበር።

ወረቀቱ በሥርዓቱ እንዲሄድ አደረግሁና እኔ ራሴ ወደ ቀበሌዋ ሄድሁ። ከዋዜማው ደርሼ እማማ ደብሬ ቤት አደርሁ። ጧት ቦኖው ዙሪያ ተማሪዎቹ ቆመዋል፤ የኔታም በምርኩዝ ወርደዋል። ውጤቱን ነገርኋቸው። እማማ ደብሬ ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ቦኖውን ከፈቱና ከመጀመሪያው ውሃ አንድ ጣሳ ሞሉ። ጣሳውን ይዘው ቆሙ፤ ለማን እንደሚሰጡት ያወቁ አይመስሉም።

«ቀዳሚው ዛሬ የእርሷ ነው» አሉ የኔታ። «ከእርሷ ቀጥሎ ተማሪዎቼ ይጠጣሉ።»

ጣሳውን በሁለት እጄ ተቀበልሁ። ተማሪዎቹ፣ ሴቶቹ፣ የኔታም በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ ያያሉ። ሌሊቱን ሙሉ በቧንቧው ውስጥ ያደረ ውሃ ነው። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ጨው ጨው ይል ነበር።